ጥለት የሌለው ቡልኮ

ኑ፣ ግቡና ቁጭ በሉ፤ ይህ ዝናብ ቶሎ የሚያባራ አይመስልም። ወንጌላዊት፣ አንቺ እዚህ አጠገቤ ሁኚ፤ እንዝርትሽንም ይዘሽ ነይ። በባልዲ የተከልሽው ጥጥ አፍርቶልሽ፣ ራስሽ ፈልቅቀሽ፣ ራስሽ አባዝተሽ ለመፍተል መቀመጥሽ ደስ ብሎኛል። ቅድም ግን ፈትልሽ ላይ ጉጥ ስታይ በጥሰሽ ስትጥይ አየሁሽ። "ተበላሸ" አልሽ። እውነትሽን ነው፣ ለሸማኔ ጉጥ ብልሽት ነው። እስኪ ግን ከወለሉ አንሺና መዳፌ ላይ አኑሪልኝ። እሷን ይዤ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፤ አሳምሬ ባልናገር ታገሡኝ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን እዚሁ ጣና ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነበር። አባቴ ገድሉ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ጨርቅ በጣቃ በጣቃ ከሚያወጣ ሰው ጓሮ ጥጥ ይበቅላል ወይ እያለ ጎረቤት ይስቅብን ነበር። እናቴ አትጠገብ ግን ከጌሾው ቀጥላ እስከ አጥሩ ድረስ ጥጥ ትተክላለች። "የፋብሪካው ጨርቅ ደኅና ነው፤ ግን የማን እጅ እንደ ፈተለው አይናገርም" ትላለች። እኔ ጨርቅ የሚናገር አይመስለኝም ነበርና የእናቴን ነገር እንደ ተረት እሰማዋለሁ።

ጥጡን በበጋ እንለቅማለን። የደረቀው ቅርፊት ጣት ይወጋል። ወንድሜ አለበል ታዲያ የእኔን ድርሻ ጨምሮ ይለቅምና፣ እፍኝ ባዘቶ የመሰለ ጥጥ ከአገጬ ሥር ለጥፎ "አባ ኪዲ፣ ይባርኩኝ!" ይለኛል። እኔም ሽማግሌ ሆኜ እባርከዋለሁ። ጥጡ በጆንያ ሆኖ ከጣሪያው ሥር ይሰቀላል፤ ክረምት ሲገባ ይወርዳል። ክረምት የፈትል ጊዜ ነው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ክሩ ቶሎ አይበጠስም፤ ደግሞስ በዚያ ዝናብ ወዴት ይኬዳል?

አለበል ወደ ምሥራቅ የዘመተው ሶማሌ ድንበር ጥሶ ገባ የተባለ ጊዜ ነው። ከመሄዱ በፊት እናቴ ስንቁን ስትቋጥር፣ በሩ ላይ ተደግፎ ቆመና፣

"እምዬ፣ ስመለስ ቡልኮ እፈልጋለሁ" አላት።

"ምን ያለ ቡልኮ?"

"ጥለቱ ቀይ ይሁን። ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ውኃው እንዴት ይሆናል? እንደዚያ።"

"አንተ ብቻ ተመለስ እንጂ ጣናን ራሱን አለብስሃለሁ" አለችው።

ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ሌሎች ልጆች በመኪና ተጭነው ሲመለሱ እልልታው እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር። አለበል ግን አልመጣም። "ሐረር ላይ ለጥበቃ ያስቀሯቸው አሉ" አለ አባቴ። እናቴም ክረምቱ ሲገባ ጆንያውን አወረደች። ቡልኮው እሱ ሳይደርስ መድረስ ነበረበት። ያን ጊዜ እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ ገፍቷል።

ያ ክረምት! ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ክረምት ያየሁ አይመስለኝም ነበር። ገና ጠዋት በሩ ሳይከፈት ጎረቤታችን እትዬ ባንቺአየሁ እንዝርቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ከች ትላለች። ከእሷ ለጥቆ የሸማኔው የአባ ሙሀመድአወል ሚስት እትዬ ጀሊላ ዝንጅብል ያለበት ሻይ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች። ሌሎችም ሴቶች እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ቤቱ ይሞላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከውስጥ የጥጥ ማባዣው ደጋን ድው ድው ይላል፤ ብናኙ ተነሥቶ የሁሉንም ጠጉር ያሸብታል። ሴቶቹ ጣታቸውን አመድ እየነከሩ እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ ያሾሩታል። ድሩን እናቴ ራሷ ትፈትላለች፤ ድር ጠንካራና እኩል መሆን ስላለበት ለሰው አትሰጥም። ማጉን እነሱ ይፈትላሉ።

"ባንቺ፣ ለመሆኑ ባልሽ ምሳ የሚበላው የት ነው?" ትላለች እናቴ።

"ራሱ ጥዶ ይብላ፤ እጅ የለውም?"

"እጅስ አለው" ትላለች እትዬ ጀሊላ፣ "ግን ባለፈው ሽሮ መስሎት በርበሬ አንተክትኮ ግቢውን በሳል ጨረሰው።"

ሳቁ ይቀጥላል። እኔ ከአንዷ ጭን ወደ አንዷ ጭን እየተንከባለልሁ ቆሎ እበላለሁ። እናቴ "ነገ ኪዳነ ምሕረት ልሳለም" ስትል፣ "በዚህ ጭቃ? ሁለት ነፍስ ሆነሽ? ጸበሉን እኔ አመጣልሻለሁ" ይሏታል። "ገበያ ልውጣ" ስትል፣ "የምትፈልጊውን ንገሪን" ይሏታል። ውኃ እንኳ ወርዳ አትቀዳም። እናቴ ንግሥት የሆነች መሰለኝ። አለበል ሊመጣ ስለሆነ ነው፣ የጀግና እናት እንዲህ ነው የምትያዘው ብዬ፣ በልቤ ኮራሁ።

ልጆቼ፣ ያኔ አለበል በሕይወት አልነበረም።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አብሮት የዘመተ ልጅ ክረምቱ ሊገባ ሲል ለአባቴ ነግሮት ነበር። እናቴ ደግሞ እኔ ከመወለዴ በፊት የአባቷን መርዶ ድንገት ሰምታ የያዘችው ሽል ወርዶባት፣ እሷም ከሞት አፍ የተመለሰች ናት። ስለዚህ አባቴና የንስሐ አባታችን መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ከጎረቤት ጋር ተማከሩ፤ በሰላም እስክትገላገል፣ ልጁም ክርስትና እስኪነሣ መርዶው ይቆይ አሉ። እነዚያ ሴቶች ሊፈትሉ ብቻ አልነበረም የሚመጡት። ከገበያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከውኃ ወረፋ፣ ያልጠረጠረ ሰው "እግዜር ያጽናሽ" እንዳይላት፣ እንዝርት ይዘው ዙሪያዋን አጥረዋት ነበር። የእሷም የሽሉም ነፍስ በእነሱ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። ሳቁ ሁሉ ጥበቃ ነበር።

አባቴ ያን ክረምት ከቤት አይቀመጥም። ከፋብሪካ ሲመለስ ቀጥታ ወደ ጓሮ ነው። አንድ ቀን ዝናብ እየወረደበት ከጥጡ መሐል ቆሞ አገኘሁት።

"አባዬ፣ ምን ታደርጋለህ?"

"ትል እንዳይበላው እያየሁ ነው።"

"በዝናብ ትል አለ እንዴ?"

"አለ ኪዲ። በዝናብ ነው የሚበላው።"

ፊቱ ረጥቧል። ዝናብ ነዋ፣ ምን ይጠየቃል? እሱን ለመርዳት ብዬ እኔም ቅጠሉን እየገለበጥሁ ትል ስፈልግ ዋልሁ። አንድም አላገኘሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ምናሴ ከቁንዝላ በጀልባ መጣ። በሩ ላይ እኔ ነበርሁ። ከሩቅ ሳየው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። ግቢያችን ሲደርስ አፉን ከፍቶ "አለበል! አለበልዬ!" ብሎ ጮኸ። እትዬ ጀሊላ እንደ ነብር ዘልላ ወጣችና በሻርፗ አፉን አፈነችው። እትዬ ባንቺ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

"ሰክሯል! ኧረ ይህ ሰውዬ ሰክሯል! ጀልባው ላይ አረቄ ሲጨልጥ ነው የመጣው!" አለች።

እየጎተቱ ወደ እነ ጀሊላ ቤት ወሰዱት። እኔ እየሳቅሁ ተከተልሁ። የሰከረ ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ስካር ማለት ግድግዳ ላይ ግንባርን ገጭቶ መንሰቅሰቅ ነው ብዬ ያዝሁ።

በኋላ ፊቱን አስታጥበው አመጡት። እናቴ ብድግ ለማለት ስትሞክር እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

"ምነው ምናሴ፣ በዚህ ዕድሜህ መጠጥ ጀመርህ?"

"ብርዱ ነው እታለም፤ ባሕሩ ላይ ብርድ ነው።"

"ጠጉርህንስ ምነው ተላጨኸው?"

የደጋኑ ድምፅ ቆመ። ኀዘን የደረሰበት ሰው ጠጉሩን እንደሚላጭ እኔ ገና አላውቅም።

"ቅማል" አለ አጎቴ። "ቅማል አስቸገረኝ እታለም።"

"ከሚስትህ ነዋ የተጋባብህ!" አለች እትዬ ባንቺ፤ ሁሉም ሳቁ፤ መሳቅ ከሚገባቸው በላይ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ብቻ እጇን ዘርግታ የተላጨውን ራሱን ቀስ አድርጋ ዳበሰችው፤ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ፣ ሕፃን እንደሚዳበስ። ከዚያ እንዝርቷን አንሥታ መፍተሏን ቀጠለች።

ማታ ማታ ሴቶቹ ሲሄዱ የዕለቱን ፈትል በልቃቂት የምታጠቀልለው እናቴ ነበረች። እኔ እንዝርቱን እይዝላታለሁ፤ እሷ ክሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል እያሳለፈች ትጠቀልላለች። እትዬ ባንቺአየሁ በሰፈሩ የታወቀች ፈታይ ናት፤ የእሷ ክር ከሸረሪት ድር ጋር ይወዳደራል። ያን ክረምት ግን ፈትሏ ጉጥ በጉጥ ሆነ። አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሰልላል፣ እንደገና ይጎጠጉጣል። የእናቴ ጣት ጉጡ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ያልፋል። ደግሞ ይቆማል።

"እምዬ፣ እትዬ ባንቺ መፍተል ረሳች" አልኋት።

"እሷ ብቻ አይደለችም። የጀሊላንም እይው። የሁሉንም።"

"ለምን?"

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔው ቀድሜ መለስሁላት።

"ዝናቡ ነው?"

"አዎ" አለች። "ዝናቡ ነው። ግን ጉጥ አለው ብለሽ እንዳትነግሪያቸው። ያፍራሉ።"

አልነገርሁም። ምስጢር ስለተሰጠኝ ደስ ብሎኝ አደርሁ። ሴቶቹን ላለማሳፈር መሰለኝ።

ፈትሉ ሲያልቅ አባ ሙሀመድአወል ልቃቂቶቹን ሊወስዱ መጡ። በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን አጥፈው ቁጭ አሉና ድሩን በጣታቸው ፈተሹ።

"ማሻአላህ! ይህ ድር የእጅ ሥራ አይመስልም፤ እንዴት ያለ እኩል ነው! እንግዲህ ለጥለቱ ቀይ ክር አለኝ፤ ያ ልጅ እንዳለው፣ የጀንበር መጥለቂያ የመሰለ።"

"ጥለት አይኑረው" አለች እናቴ።

የሽማግሌው እጅ ልቃቂቱ ላይ ደረቀ።

"እቴ አትጠገብ፣ ጥለት ከሌለው እኮ..." ብለው ተዉት።

"አውቃለሁ። ነጭ ብቻ ይሁን።"

እኔ ዘልዬ ተነሣሁ። "አይሆንም! አለበል ቀይ ነው ያለው! እምዬ ረሳሽው እንዴ? ቀይ ነው ያለው!" እያልሁ አለቀስሁ። እናቴ አቅፋ ወደ ሆዷ አስጠጋችኝ፤ ሕፃኑ ከውስጥ ጉንጬን ሲመታኝ ይታወቀኛል። አባ ሙሀመድአወል አንገታቸውን ደፍተው ልቃቂቶቹን በከረጢት ከተቱ። ቀይ ክራቸውን ጨረሱትና ለመናገር አፈሩ ብዬ፣ ጎበዝ መርማሪ የሆንሁ መሰለኝ።

እሳቸው ካረጁ በኋላ ጠየቅኋቸው። "ጥለት የሌለው ነጭ የሟች ልብስ እንደሆነ በእናንተም በእኛም ይታወቃል" አሉኝ። "በዚያች ቅጽበት ማወቋን አወቅሁ። ለሚስቴ እንኳ አልነገርሁም። እሷ ሰው እንዳያውቅባት ከፈለገች፣ እኔ ማን ነኝ?" አሉኝ። አያችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ከእናቴ ይደብቃሉ፣ እናቴ ከሴቶቹ ትደብቃለች። መሐል ላይ እኔ ቆሎ እበላለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት፤ ዜማ ተባለች። ቡልኮውም ከሽመና ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ዜማ ክርስትና ስትነሣ ደገስን። እናቴ ለእንግዶቹ ቆማ አስተናገደች፤ ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን ማየት አቃታቸው። ያን ጊዜ ኅዳር ገብቶ ጓሮው ጥጥ ፈንድቶበት ነበር።

ከክርስትናው በኋላ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ የእግር ኮቴ ቀሰቀሰኝ። በመስኮቱ አጮለቅሁ። ጓሮው በጥጥ ነጭ፣ ግቢው በሰው ነጭ! መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው ፊት ቆመዋል። አጎቴ ምናሴ ከቁንዝላ መጥቷል። የፋብሪካ ሰዎች፣ አባ ሙሀመድአወል፣ ክረምቱን ሙሉ የፈተሉት ሴቶች፣ አንዳቸው ሳይቀሩ። ድምፅ የለም። ዝም ያሉት ሊያስደንቁን ነው አልሁ። ይህ ሁሉ ሰው በዚህ ሰዓት ለማን ይሰበሰባል? በሩን ከፍቼ ወጣሁና ባለኝ ጉልበት ሁሉ እልልታዬን አቀለጥሁት።

"እልልልልል! መጣ! አለበል መጣ! እምዬ ተነሺ፣ መጣልሽ!"

አንድም ሰው አልተቀበለኝም። እትዬ ባንቺ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። አባቴ ወደ ጥጡ ዞረ። እልልታዬ ብቻውን ግቢውን ዞሮ ወደ እኔው ተመለሰ።

ያን ጊዜ እናቴ ወጣች። ከእንቅልፍ የተነሣች ሰው አትመስልም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳዋለች፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። በክንዷ ቡልኮውን ይዛለች። አጠገቤ ስትደርስ መዳፏን አፌ ላይ አኖረች።

"ተይ ኪዲ። ተይ ልጄ፣ ደስታ አይደለም።"

መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እሷ ቀደመቻቸው።

"አይድከሙ አባቴ። ክረምቱን ሙሉ አድክሜያችኋለሁ። አፋችሁስ ችሎ ነበር፤ እጃችሁ ግን አልቻለም። ባንቺ፣ ያንቺ እጅ እንዲያ ያለ ፈትል አውጥቶ ያውቃል? ፈትላችሁ ነገረኝ።"

እትዬ ባንቺአየሁ እዚያው መሬት ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ የነበረው ጩኸት ነው። አልጋ ወደ ደጅ ወጣ፤ ሬሳ ስለሌለ ቡልኮው አልጋው ላይ ተነጠፈ። ነጭ ብቻ። ሰው ሁሉ ለዚያ ቡልኮ አለቀሰ፤ ጀሊላ ፊቷን ቧጠጠች፤ አጎቴ ከመሬት አልነሣ አለ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፣ አሁን ተፈቅዷል" ይሏታል። አፏን ትከፍታለች፤ ምንም አይወጣም። ለሆዷ ልጅ ስትል ወደ ውስጥ ያፈሰሰችው እንባ፣ ሲፈልጉት እንቢ አለ። እስክትሞት ድረስም አላለቀሰችም።

ከዚያ በኋላ እንዝርት አልነካችም። የዚያ ዓመት ጥጥ የሚለቅመው ጠፍቶ ንፋስ እየበጠሰ አጥር ለአጥር በተነው። ዜማ አደገች፤ ደኅና ናት፣ በሕይወት አለች። እናቴ ግን ስታጠባት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ዜማ እስከ ዛሬ "እምዬ እኔን አትወደኝም ነበር" ትላለች። አይደለም እላታለሁ። ሌላ ምን እላታለሁ?

እናቴ ያረፈች ቀን ቡልኮውን ከሳጥኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለአንዱ ተሠርቶ ለሌላው ሆነ። ስናለብሳት እጄ ሳላዘው ጨርቁ ላይ መሄድ ጀመረ። ማጉን ዳበስሁት፦ ጉጥ። ደግሞ ጉጥ። ይህ የባንቺ ነው፣ ይህ የጀሊላ ነው፤ ሁለቱም ከእናቴ ቀድመው ሞተዋል፣ እጃቸው ግን እዚያ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ድሩን ዳበስሁት። የእሷን። ከዳር እስከ ዳር ሄድሁ፤ ተመልሼ ሄድሁ። አንድም ጉጥ የለበትም። የምናሴን ራስ ከዳበሰች በኋላ የፈተለችው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልሁም፤ ሁሉም እኩል ነው፣ የውኃ መስመር ይመስላል። ማወቋን እንዳያውቁባት እጇን እንኳ ከልክላዋለች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

እንኪ ወንጌላዊት፣ ጉጥሽን ያዢ። ስትፈትይ ጉጥ ሲመጣብሽ አትቆጪ፤ እጅሽ የልብሽን ስለተናገረ ነው። አንድ ቀን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንም የማይናገር ፈትል እጅሽ ከገባ፣ "እንዴት ያምራል" ብለሽ ከማለፍሽ በፊት ትንሽ ቆም በይና እናቴን አስቢልኝ። አትጠገብ ነበር ስሟ።